ሮቢት ላይ የወረደው በረዶ

ከሟች ባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሄድነው ከቆቦ ወደ ጎብዬ ገበያ፣ ሽንኩርት ልንገዛ ነበር። ትናንት በዚያው መንገድ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው ስልኳን እያሳየች ስታወራው ሰማሁ።

«ለልጄ የላከላት ፎቶ ነው። ‹አውሮፓ ገብቻለሁ፣ አትጠብቂኝ› ይላታል።»

«በረዶ ላይ ቆሟል'ኮ!»

«የምን በረዶ! የሕፃን ዳይፐር ቀዶ፣ ውስጡ ያለውን ነጭ ዱቄት ውኃ አጠጥቶ፣ አሳብጦ ጓሮው የሠራው ነው!»

«በምን አወቅሽ?»

«ከኋላው ያለው ቁልቋል አይታይህም? የእናቱ አጥር ነው፤ እዚሁ ሮቢት!»

«ወይ ጉድ! እጮኛዋ ነው?»

«ወላሂ፣ ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት! እሷ እህል አልቀምስ ብላ ታለቅሳለች፣ እሱ በረዶ ያቦካል። አሁን ሄጄ ከጓሮው ጎትቼ ነው የማወጣው!»

«ብርድ እንዳይመታሽ፣ እህቴ።»

እኔ ግን በልጅቷ ቀናሁ፤ የእሷ ሰው ያለው ጎትተው ከሚያወጡት ጓሮ ነው።