የባለ ሰባት ማዕዷ የወይዘሮ ሸዋአለም ወዳጆ ዜና ሕይወት

እኚህን እናት ለመሸኘት ከሞላሌም ከራቤልም የመጣችሁ ወገኖች፣ እግራችሁ ይባረክ፤ የኖሩትን በአጭሩ እናነብላችኋለንና ጆሯችሁን ስጡን።

ወይዘሮ ሸዋአለም፣ በክርስትና ስማቸው ወለተኪዳን፣ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ፈንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ መኳንንት በ፲፱፻፫ ዓ.ም. በግሼ፣ ራቤል አጠገብ ተወለዱ። ከወንድማቸው ጎን ተቀምጠው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. አቶ ቅጣውን አግብተው ወደ ሞላሌ መጡ፤ በግ እያረቡ፣ ጠጉር እየፈተሉም ሦስት ልጆች አሳደጉ።

በዚያ ቤት እንግዳ ሳይጠግብ፣ ባል ከገበታ ሳይነሣ እህል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ የተረፈ ካለ ይቀምሳሉ፣ ከሌለም «ጠግቤአለሁ» ይላሉ። ሁላችንም ደግነታቸውን ስናመሰግን ኖርን እንጂ ርቧቸው እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. የበሉት አልረጋ ብሎ ሰውነታቸው ሲያልቅ፣ ጠበሉም ኮሶውም ተሞክሮ ባይሻላቸው፣ በዓለም ከተማ የሚያስተምሩት ልጃቸው መምህር ፈለቀ አዲስ አበባ ወስደው አሳከሟቸው። ሐኪሙም የጨጓራ ነቀርሳ መሆኑን ደርሶበት የሚበዛውን የጨጓራቸውን ክፍል ቆርጦ ካወጣ በኋላ፣ መኖር ከፈለጉ ማንንም ሳይጠብቁ በቀን ሰባት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንዲበሉ አዘዛቸው።

ቢላዋውን የቻሉት እናት ይህን ትእዛዝ ግን አልቻሉትም። ባል ከእርሻ ሳይገባ መብላት ነውር ሆኖባቸው ጦማቸውን እየዋሉ ከስተው አጥንታቸው ወጣ። ምሳ ከዘገየ ቤቱን በቁጣ የሚያናውጡት አቶ ቅጣው ይህን ሲያዩ የቀረበላቸውን ገበታ ገፍተው፣ «አንቺ ሳትቀምሺ እኔ አልቀምስም» አሉ። በመጀመሪያው ቀን ለወይዘሮ ሸዋአለም ቀልድ መሰላቸው፤ በሁለተኛው ቀን ሰውየው በባዶ ሆዳቸው በሬ ጠምደው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ለራሳቸው ያልራሩት እናት ለባላቸው ራርተው ቀድመው ጎረሱ። ጾም ሲገባም የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ወልድ፣ «ያንቺን እኔ ጨምሬ እጾማለሁ፣ ልጄ» ብለው ፈቀዱላቸው።

ከዚያ ወዲያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። ቀላል ዓመታት ነበሩ አንልም፤ ትንሽ አብዝተው ከጎረሱ ላብ ያጠምቃቸው፣ ዓይናቸው ይጨልም ነበር፤ እንስራ ማዘልም ቀረባቸው። ነገር ግን በሶ በትንሽ ከረጢት ይዘው ገበያ ይወጡ፣ ጎረቤት «ባለ ሰባት ማዕድ» እያለ ሲቀልድባቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ልጃቸውን ማናለብሽን ዳሩ፣ ዐሥር የልጅ ልጅ አቀፉ። ምራታቸው ብርነሽ አዲስ ሙሽራ ሆና ቆማ ልታስተናግድ ስትል እጇን ይዘው ከገበታው አስቀመጧት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሌላው እስኪጠግብ ቆማ የምትጠብቅ ሴት አልታየችም።

በሽታው በዚህ ዓመት ጥር ላይ ተመልሶባቸው፣ በያዝነው የካቲት ፲፱፻፷ ዓ.ም. በተወለዱ በ፶፯ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ቅጣውን፣ ልጆቻቸውን ፈለቀን፣ ማናለብሽንና ዓምደሚካኤልን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ትተውልናል። ሲናዘዙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቀብር ስንመለስ እህል ይዘው የሚያስተናግዱን ሴቶች ተቀምጠው ሳይቀምሱ ማንም እንዳይጎርስ። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ርቧችሁም ቢሆን ጥቂት ታገሡ።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ማዕድ ያድርስልን፤ እዚያም የቀድሞ ልማዳቸው ተነሥቶባቸው ሌላውን ለማስተናገድ ቢቆሙ፣ እጃቸውን ይዞ ያስቀምጥልን። አሜን።