ወፎቹ ሲያርፉ የሚደወል ደወል

በኅዳር መባቻ ያምና ሩዜን ላስፈለፍል ወረታ ወርጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሁለት የቀበሌዬ ሰዎች ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። አንዱ የደብራችን የቄስ ትምህርት ቤት መምህር መሪጌታ አዛናው ናቸው፤ ሁለተኛዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት ሠርካለም ናት።

ሠርካለም እጅ ነሥታ ስለ ልጅ ልጃቸው ስለ ማርያማዊት ጠየቀቻቸው። ልጅቱ አምና ወድቃ አራተኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ሩዙ ካፈራ ወዲህ ግን ማማ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ትውላለች።

«ዳግመኛ ወድቃ ከምታፍር እስከ ወዲያኛው ትቅር ብያለሁ» አሉ መሪጌታ።

ሠርካለም የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴው የመማሪያውን ሰዓት ራሱ እንዲወስን እንደ ተፈቀደለት፣ ለእሑድም ስብሰባ እንደ ጠራ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ገበሬ ከነካካው ሥርዓቱ ይፈርሳል ብለው ተከራከሩ።

«እንግዲህ ባለ ሩዝ ሁሉ ርእሰ መምህር ሊሆን ነዋ» ብለውም ቀለዱባት።

«የኔታ፣ አምና ክረምት ጣና ሞልቶ ውኃው ጎጆዎቻቸውን ሲከብ ተማሪዎችዎን ወደ ጉብታው ያሻገሩት ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ መጥቶልዎ ነው?»

«ደብዳቤው እስኪደርስማ ዓሣ በበላቸው።»

ወረፋ የያዝነው ሁሉ ሣቅን፤ እሳቸውም ሣቁ። ሠርካለም ግን አለቀቀቻቸውም። ወፍ እህል ላይ የሚያርፈው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው።

«ጧት ጤዛው ሳይረግፍ፣ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ቀትር ላይማ እሱም ጥላ ፈልጎ ያርፋል።»

«ታዲያ ማርያማዊት ቀትር ላይ ምን ትጠብቃለች?»

መሪጌታ ሰዓቱን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። እኔም ልጆቼን አሰብኋቸው። ማማ የወጣ ሳይመሽ አይወርድም በሚል ልማድ ስንቱን ቀን ባዶ ሰማይ አስጠብቀናቸዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስብሰባው መጀመሪያ የተነሡት መሪጌታ ሆኑ። ሩዙ እስኪታጨድ ትምህርቱ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ይሁን አሉ፤ ጉባኤው ተስማማ። የትምህርት ቤቱንም ደወል እኔው እመታለሁ ብለው ተረከቡ።

ወፍ ጠባቂዎቹ በደወሉ ከየማማው እየወረዱ ወደ ክፍል ይሮጡ ጀመር። የወሰነው ራሱ ነውና ልጁን የሚያስቀር ወላጅ ጠፋ፤ የሚያረፍድ መምህርም መሪጌታን ደወሉ ሥር ቆመው ሲያይ ያፍራል። ሰው በገዛ ቃሉ ያቆመውን ሥራ አይተወውም፤ የልጅ ትምህርትም የሚሰምረው ያን ጊዜ ነው።

በሰኔ ማርያማዊት ወደ አምስተኛ ክፍል አለፈች። ተመስገን። እሷ የውጤት ወረቀቷን ለአያቷ ጮክ ብላ ስታነብ፣ እሳቸው በጣና በኩል የጠቆረውን ሰማይ እያዩ ሠርካለምን ጠሯት።

«ለወፎቹ ሰዓት አበጀንላቸው። ይልቅ እንዳምናው ውኃው ሳይቀድመን እሑድ ሰብስቢን።»