የተበሳው የቆርቆሮ ባልዲ

ከሓድነት ሰፈር በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ከወሎ መጥቶ ቤታቸው የተከራየውን የኬሚስትሪ መምህር ያዙት።

“የቆርቆሮ ባልዲዬን ወንፊት አደረግኸው!”

“አደይ፣ የቲማቲም መድኃኒት በጥብጬበት ሦስት ቀን ረሳሁት።”

“መድኃኒት ባልዲ ይበላል?”

“መድኃኒቱ መዳብ አለበት። ባልዲው የተሠራበት ዚንክና ብረት ደግሞ ከመዳብ ይበልጥ ንቁ ናቸው፤ መዳቡን ከውሃው አስወጥተው እነሱ ይሟሟሉ።”

“ይህን ማን ነገረህ?”

“እኔው ነኝ የማስተምረው። ትናንት ፈትኜበታለሁ።”

“ዋይ! ከተማሪዎችህ በፊት አንተ ወድቀሃል!”

“ይቅርታ፣ አደይ።”

“ሌላ ባልዲ የለኝ! ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ዛሬ ነው። በምን ልቅዳ? በይቅርታህ?”

ገበያ ልሸጣቸው የያዝኳቸውን የፕላስቲክ ባልዲዎች ጭኔ ላይ አመቻቸሁና ትልቁን ወደ እሳቸው አዞርኩት።