ቴትራሳይክሊንና የአስካለ ወተት

ሚስት ያለው ሰው ይስማኝ! በደርግ ጊዜ ነው፤ ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ስሠራ ብረት ቧጨረኝና እግሬ አመረቀዘ። ፔኒሲሊን ስወጋ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ስለሚነፋ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሽ ታደሰ ያንን ቀይና ቢጫ ቴትራሳይክሊን ሰጡኝ። ገና የመጀመሪያውን ፍሬ ስውጥ ሆዴን አቃጠለኝ። ባለቤቴ አስካለ ታዲያ «ኃይለኛ መድኃኒት ያለ ወተት አንጀት ይልጣል» ብላ፣ በዋጥኩ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ወተት ታስከትልልኝ ጀመር። ሆዴ ተሻለው፤ እግሬ ግን ባሰበት።

ሳምንት ሳይሞላ ሁዳዴ ገባና ወተቱ ቀረ። «በሽተኛ እኮ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «መድኃኒቱ እንደሆነ አልሠራ፤ ጾሙ ይሥራልህ» አለችና በውሃ አስዋጠችኝ። አኮረፍኳት። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ! አስካለ «ጾሙ ነው ያዳነው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ፔኒሲሊን የጀርሙን ቅጥር ያፈርሳል፤ ይሄኛው ደግሞ እንዳይራባ ያግደዋል። ግን መጀመሪያ ደምህ ውስጥ መግባት አለበት። ወተቱ ሆድህ ውስጥ ጨምድዶ ይዞት ነበር» አሉኝ።

ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁና «ጾሙ አይደለም፣ ወተቱን መተዌ ነው!» አልኳት።

«ታዲያ ወተቱን ማን አስተወህ?»

መጀመሪያስ ማን አጠጣኝ ልላት አፌን ስከፍት፣ ትልቅ የሽሮ ጉርሻ አጎረሰችኝ። ከነጥያቄዬ ዋጥኩት።