ሦስት ሰንጋ ወይስ አራት ቦኖ

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐጂ ዓሊዩ ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ ላይ ተቀምጠው መኪናው እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። የሚመለሱባት ከተማቸው ስም ይቆየን፤ ነዋሪዎቿ ገመናችን አደባባይ ወጣ ብለው የሚቀየሙ ኩሩ ሰዎች ናቸው። ከጭሮ ወደ ገለምሶ የሚያልፍ መንገደኛ ግን አንድ ቀን ወርዶ ሙዝ ሳይገዛባት አልቀረም።

ሐጂ በዚያ ቀን ደስ ብሏቸዋል። እሳቸው ጫት ነጋዴ ናቸው፤ የከተማው ምክር ቤት አባልም ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት። ባለፈው ዓመት የከተማቸው ሹማምንት ለልምድ ልውውጥ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደው ሁለት ሰንጋ ታርዶላቸው ነበር። ምን ልምድ እንደተለዋወጡ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠየቁም የሚያስታውሱት ጥብሱን ነው። አሁን ተራው ደርሶ ጎረቤቶቹ በሐምሌ ይመጣሉ። ሁለት ለበላ ሁለት መመለስ ደግሞ በሐጂ ዘንድ ከስድብ አይለይም። ስለዚህ ከብት ገበያ ገብተው፣ ጥርስ አይተው፣ ሻኛ ዳብሰው፣ ሦስት ሰንጋ መርጠው መውጣታቸው ነበር።

ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ፣ አንዲት ወጣት በስስ ፌስታል የታሰረ ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሩሐማ ነበረች፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በከተማቸው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በጀት የምትሠራ፣ እሳቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት የሰፈራቸው ልጅ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፤ እንደምን ዋሉ?»

«ወአለይኩም ሰላም! አንቺ ነሽ እንዴ? ማሻአላህ፣ አድገሽ አድገሽ አላወቅኩሽም። ምንድን ነው እንዲህ አጥብቀሽ የያዝሽው?»

«በጀት ነው ሐጂ። ነገ ለምክር ቤቱ አድለዋለሁ።»

«ይሄን ብለሽ ነው ጭሮ ድረስ የመጣሽው? ቢሯችሁ ማተሚያ የለውም?»

«ማተሚያ አለው፤ አለቃዬ አቶ ይልቃል ቆለፈብኝ እንጂ። እሱ ባዘጋጀው በጀት ላይ ፈርሚ አለኝ፤ አልፈርምም አልኩት። ስለዚህ የራሴን አዘጋጅቼ እዚህ አባዛሁት።»

ሐጂ ይህን አልወደዱም። እሳቸው ባደጉበት ዘመን ወጣት ለአለቃው አንገቱን ይደፋል፤ ሴት ልጅማ ጭራሽ። መኪናው ተነሥቶ ከከተማው እስኪወጣ ድረስ ዝም አሉ። ዝምታ ግን ለሐጂ ዓሊዩ አይስማማቸውም።

«ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ይልቃል ምን አጠፋ?»

«ያጠፋው እንኳ ገና ነው፤ ሊያጠፋ ነው። የከተማችን ገቢና ወጪ አልገጠመም። ናፍጣ ተወደደ፤ ከላይ የሚመጣው ድጎማ ባለበት ቆመ። ጉድለቱ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው። አቶ ይልቃል ያገኘው መፍትሔ፣ ሕዝቡ ውሃ ከሚቀዳባቸው ሰባት ቦኖዎች የላይ ሰፈሮቹን አራቱን መዝጋት ነው። የውሃው ሞተር ለእነሱ የሚጨርሰው ናፍጣና የጠባቂዎቹ ደመወዝ ሲቀር፣ ሂሳቡ እኩል ይመጣል።»

«ከመጣ ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ወረቀቱ ላይማ መጣ። ሰዉ ምን ይጠጣ?»

«ክረምት ገባ እኮ! ዝናብ አለ፣ ወንዝ አለ። እናቶቻችን ከወንዝ ቀድተው አይደል እንዴ ያሳደጉን?»

«ስንቱን አሳደጉ፣ ስንቱን ቀበሩ? እሱን አይነግሩኝም ሐጂ። የክረምት ጎርፍ የላይ ሰፈሩን ሽንት ቤት ሁሉ አጥቦ የሚወርደው ወደዚያው ወንዝ ነው። ቦኖ በበጋ አንድ እጅ ካስፈለገን፣ በክረምት ሁለት እጅ ነው።»

ሐጂ ሪዛቸውን ጎተት ጎተት አደረጉ። ነገሩ እውነት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ለልጅ ቶሎ እጅ መስጠት የለም።

«እሺ፣ ያንቺስ በጀት ከየት አመጣው?»

ሩሐማ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«‹የእንግዳ መስተንግዶ› የሚለውን ሰረዝኩት። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብር ነበር።»

«የኔን ኮሚቴ ሰረዝሽ?!» ፊት ለፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩ።

«ኮሚቴውን አልነካሁም። ሰንጋውን፣ ድንኳኑን፣ ለየእንግዳው የሚታሰረውን ጫትና ማር ነው የሰረዝኩት።»

«አቦ ተይኝ! ክብር የሚባል ነገር አታውቂም እንዴ? እንግዳ በባዶ ሆዱ ሸኝተን ስማችን በየአገሩ ይጥፋ? እነሱ ሁለት አርደዋል። እኛ ሦስት እናርዳለን!»

«ከዚያስ እነሱ አራት ያርዳሉ?»

«ይረዱ!»

«እኛ ደግሞ አምስት?»

«አዎን፣ አምስት!»

«መጨረሻው የት ነው ሐጂ?»

ሐጂ ፊታቸውን አዙረው በመስኮት የሚያልፈውን የጫት ማሳ ማየት ጀመሩ። ሩሐማ ግን አልለቀቀቻቸውም። ትሑት ናት፤ ድምጿንም አላነሣችም፤ አልሸነፍም ያለ ሰው ግን ዝግ ብሎ ሲናገር ይብሳል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጫት የረከሰ ዓመት እርስዎ ቤት ምን ተደረገ? የልጅዎ ሰርግ በሁለት መቶ ሰው ታስቦ በሠላሳ ሰው አላለፈም?»

«አለፈ።»

«ጀሪካንዎ ግን ባዶ ሆኖ ያውቃል? ልጆችዎ ውሃ ተከልክለው ያውቃሉ?»

«ላ! እንዴት ተደርጎ? ድግስ ይቀራል እንጂ የልጅ ውሃ ይቀራል እንዴ?»

«ታዲያ በቤትዎ የማያደርጉትን በከተማዎ ለምን ያደርጋሉ?»

«ያኛው የራሴ ገንዘብ ነበራ!»

«ይሄኛውስ የማን ነው?»

ሐጂ ተናደዱ። የተናደዱት በልጅቱ ይሁን በራሳቸው ለይተው አላወቁም። «ይልቃል ከዚህ ያባርርሻል፤ ወስዶ የማታውቂው አገር ይጥልሻል» አሉ፤ ማስፈራሪያም ነበር፣ አዘኔታም ነበር። እሷም «ያባርረኝ» አለች።

ሚኒባሱ ከተማው መግቢያ ላይ፣ ከላይ ሰፈር ቦኖ አጠገብ አወረዳቸው። ቢጫ ጀሪካን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፏል። የቦኖው ጠባቂ ኩብራ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ታስቀዳለች። ሩሐማን ስታይ ሮጣ መጣች።

«ሩሐማ! ይዘጋል የሚሉት እውነት ነው?»

«ነገ ይወሰናል ኩብራ።»

ኩብራ ወደ ሐጂ ዞረች። አማርኛዋ እንደ ብዙው የአገሩ ሰው አንተና እርስዎ አይለይም፤ አክብሮቷ ከድምጿ እንጂ ከቃሏ አይገኝም። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ አንተ ምክር ቤት ትገባለህ አይደል? ንገርልን። አምና ከክልል ለመጣ እንግዳ ድግስ ብለው ቦቴ አምጥተው ከኛ ቦኖ ሞሉ፣ ለወጥ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለድንኳኑ አቧራ። የቦኖው ማጠራቀሚያ ጋን አለቀ። ሁለት ቀን ቢሻን የለም፣ ዋላሂ ጠብታ ውሃ የለም። እኔ ከወንዝ ቀዳሁ፣ ለልጄ አጠጣሁ። አሥራ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ተኛ። ሞተ ብዬ ነበር።»

«መቼ ነው እሱ?» አሉ ሐጂ፤ መቼ እንደሆነ እያወቁ።

«ያ ትልቁ ድግስ ጊዜ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። አላህ ይይለት።»

ሐጂ ዓሊዩ በዚያ ድግስ ዓመቱን ሙሉ ሲኮሩ ነበር የከረሙት። ለአቧራው ውሃ ይረጭ ብለው ቦቴውን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ውሃው ከየት ይመጣል ብለው ግን አልጠየቁም። ቤታቸው ጣሪያ ላይ ትልቅ ሮቶ አለ፤ የቦኖ ሰልፍ ቆመው አያውቁም። አሁን አፈሩ። ደግሞም መሸሽ ይችሉ ነበር፤ ኩብራ አታውቅም፣ ሩሐማም አትናገርም።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ኩብራ» አሉ።

የተሰለፉት ቀና ብለው አዩዋቸው። ኩብራ ቁልፉን በእጇ ጨበጠች። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ ሐጂ፤ ከዚያ ወደ ሩሐማ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «ከዚያ ወረቀት አንድ ስጪኝ። መነጽሬን አድርጌ ቤቴ አነበዋለሁ።»

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። አቶ ይልቃል ከረባቱን አጥብቆ የራሱን በጀት አነበበ፤ አራቱን ቦኖ «ጊዜያዊ የአገልግሎት ሽግሽግ» ብሎ አለፋቸው። ውሃ መከልከል በቢሮ ቋንቋ እንዲህ ተለሳልሶ ሲነገር መስማት ደም ያፈላል። ሩሐማ ከኋላ ተነሥታ ወረቀቷን ማደል ስትጀምር፣ «ይህ በአጀንዳ አልተያዘም፤ ቁጭ በይ!» አላት።

«ሳላድል አልቀመጥም» አለች፤ ማደሏንም ቀጠለች።

«አፈ ጉባኤ፣ ይህች ልጅ ከአዳራሽ ትውጣልኝ!»

ያን ጊዜ ሐጂ ዓሊዩ ተነሡ። «እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ልናገር። ይህን ወረቀት ሌሊቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰንጋው ሲቀር ሰባቱም ቦኖ ሳይዘጋ ዓመቱን ይከርማል። አራቱ ጠባቂዎች እንጀራቸው አይቋረጥም። ጤና ጣቢያው በተቅማጥ በሽተኛ አይጨናነቅም፤ መድኃኒቱም ለሌላው ይተርፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መቶ ሺህ ብር ይቀራል፤ የሞተሩ ቀበቶ ቢበጠስ መግዣ። የተዘጋ ቦኖ ግን ያተርፋል የምትሉት ገንዘብ ተመልሶ ለበሽታ ይወጣል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ኪሳራ ሳይ አውቃለሁ።»

«ሐጂ፣» አለ ይልቃል ፈገግ ብሎ፣ «የመስተንግዶ ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። በሐምሌ የሚመጡትን እንግዶች ምን ሊሏቸው ነው? ውርደቱን ማን ይሸከም?»

«እኔ!» አሉ ሐጂ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ለጎረቤት ከተማው የአቀባበል ሰብሳቢ ለሙሐመድአሚን ደወሉ፤ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። 

«ሙሐመድአሚን፣ ዓሊዩ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ። ዘንድሮ ሰንጋ የለም። ድንኳን የለም፣ ማርም የለም። ሰንጋ ካረድን ውሃ እንዘጋለን፤ ውሃ መዝጋት ደግሞ እንቢ ብለናል። ከመጣችሁ ሩዝ በአትክልት በልታችሁ፣ ሰባት ቦኖ ጎብኝታችሁ ትመለሳላችሁ። ከተቀየማችሁ እኔን ተቀየሙ።»

  ከስልኩ ረጅም ሳቅ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙሐመድአሚን። «ሦስት ልታርዱ ነው ሲሉን እኛ እዚህ እንቅልፍ አጥተናል እኮ! በሚቀጥለው ዓመት አራቱን ከየት እናመጣለን ብለን የመንገድ መብራቱን በጀት ልንነካ ነበር። በአላህ፣ ያ ወረቀት የማን ነው? ላኩልን፣ እኛም እንየው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ለመስጠት ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ ሦስት ሰው ሲቀር ሁሉም እጁን ለሩሐማ በጀት አወጣ። እንግዶቹም በሐምሌ መጡ፤ ሩዙን በሉ፤ ከመጡት ሁሉ ሁለቱ ብቻ አኩርፈው ተመለሱ። እነሱም ቢሆኑ አንድ ነገር ተምረው ነው የሄዱት፤ የከተማ ክብር የሚታየው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነዋሪው በሚጠጣው ውሃ ነው። ለልምድ ልውውጥ ተብሎ በእውነት ልምድ የተለዋወጡት ያን ዓመት ብቻ ይመስለኛል።

አቶ ይልቃል ግን ቂሙን አልተወም። በነሐሴ፣ ሐጂ ዓሊዩ ከመስጊድ ሲመለሱ ሩሐማን ቦኖው አጠገብ አገኟት፤ በእጇ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛለች። ወደ ቦርደዴ አቅጣጫ፣ ቆላ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ተዛውራለች።

«ያ ባለጌ!» አሉ ሐጂ። «አይሆንም፣ ምክር ቤቱን እሰበስባለሁ። ነገ ቢሮው እገባለሁ! አንቺስ ዝም አልሽው?»

«ዝም አላልኩም።»

«ምን አልሽው?»

ሩሐማ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«የምትልከኝ ከተማም በጀት አላት አልኩት።»