የተቆረጠው መጥረጊያ

በኮልፋክስ ጎዳና በሚሄደው አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነው። ረጅም ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ የያዘ ሰውዬ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ቱቦውን አይተው በአማርኛ አናገሩት።

«ቧንቧ ፈነዳብህ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ የሴት ልጄ መጥረጊያ ነው።»

«በዚህ ነው የምትጠርገው?»

«አትጠርግበትም። ከጓደኞቿ ጋር እግራቸው መሃል አድርገውት እየሮጡ ኳስ ይጫወታሉ። ከተረት መጽሐፍ የወጣ ጨዋታ ነው። በተረቱ መጥረጊያ ላይ ሆነው ይበርራሉ፣ እነዚህ መብረር ስላቃታቸው ይሮጣሉ።»

«በስመአብ! ደህና ናት?»

«ኮሌጅ ናት። ዳኛም ፌዴሬሽንም አለው እኮ። ቡድናቸው ለአገር አቀፉ ውድድር አልፎ ነገ ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«የበፊቱን ቆረጥኩባት፣ ይሄ ምትኩ ነው። በር ሥር ቆሞ ሳየው ትርፍ ቧንቧ መሰለኝና ለሲንኩ ገጠምኩት።»

«ወይኔ! አለቀሰች?»

«ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ‹ኢትስ ፋይን፣ ዳድ፣ ምንም አይደል› ብላ በሯን ዘጋች። በፊት ‹ይሄ ነገር ያሳፍረኛል፣ ሰው ምን ይለናል› ብያት ስለነበር፣ አውቄ የቆረጥኩት መስሏታል።»

«አውቀህ ነው?»

«ማርያምን አላወቅኩም!»

«ይሄኛውስ ልኳ ነው?»

«እሷ በቁመት እኔን ታክላለች። ሱቁ ውስጥ እግሬ መሃል አድርጌ ሮጬ ሞከርኩት።»

«ሰው እያየህ?»

«ገዢው ሁሉ ቆሞ እያየኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ቱቦውን ከመስጠትህ በፊት ሰው እያየህ መሮጥህን ንገራት።»

አውቶቡሱ ሲታጠፍ የቱቦው ጫፍ ወደ እኔ ተንሸራተተ፣ እኔም እሱ እስኪወርድ ድረስ በእጄ ደግፌ ያዝኩለት።