ጉድጓድ ዳር ያገኘሁት የጠላቂ ሰዓት

የምሠራው ነገሌ ቦረና ክሊኒክ ውስጥ ነው። ፍቅሬ ግን ድሮ ባሕር ጠላቂዎች ያስሯቸው የነበሩ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች ናቸው። ባሕር በሌለበት አገር እነሱን መሰብሰቤ ሚስቴን እስከዛሬ ያስቃታል። አንድ ቀን ለክትባት ገጠር ወጥተን፣ ከብት የሚጠጣበት ጥልቅ ጉድጓድ ዳር አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። እጃቸው ላይ ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ሰዓት ታስሯል! ጠጋ አልኳቸው።

«አካም፣ ናጋ አባባ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና «ይህን ሰዓት ከየት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወንድሜ ባሕር ኃይል ነበር። ሲሞት ለኔ ደረሰች» አሉና፣ ጠላቂ ውኃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ የሚያውቅበትን የዙሪያውን ቀለበት ቀጭ ቀጭ አድርገው አዞሩት። «ረጅሟ የደቂቃ ዘንግ እዚህ ምልክት ላይ ስትደርስ የጠጣው ከብት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ድሮ በተራ እንጣላ ነበር፤ አሁን እሷ ትፈርዳለች።»

ዓይኔን ከእጃቸው መንቀል አቃተኝ። አዩኝና ሰዓቱን ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «እንዲህ ከወደድካት ውሰዳት። እንግዳችን ነህ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቶቼ ጨብጠውት ነበር። ወዲያው ከጉድጓዱ ውስጥ ውኃ የሚያወጣው ሰው በኦሮምኛ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዘንጓ ምልክቱ ላይ መድረሷን አየሁና እኔው «ደርሷል!» ብዬ መለስኩለት። ከብቱም ተቀያየረ። ሰዓቱን መልሼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።

«ምነው ልጄ፣ አልወደድካትም?»

«ወድጃት ነው የመለስኳት፣ አባባ። የምትፈርደው እዚህ ነው» አልኳቸው።